ፌስታል፣ ግራሶና ጎርፍ፦ ባጃጅ ውሃ መሻገር የተማረበት ታሪክ

በክረምት ቆሼና ዙሪያውን ባጃጅ መንዳት ግማሹ ሹፍርና፣ ግማሹ ዋና ነው። ዝናቡ ሳያባራ ለግማሽ ሰዓት ከወረደ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ወንዝ ይሆናል። ውሃው የቱን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር ክዳኑ የተነሳ ቱቦ፣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ተሳፋሪው እግሩን ይሰበስባል። ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጁን ሳይለቅ፣ ሳይቸኩልና ሳይቆም ይገባል። መሃል ላይ ሞተሩ ከጠፋ የዕለቱ ገቢ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። አንዳንዴ ከዕለት ገቢም በላይ ይጠፋል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ክረምት ጣጣ ቆጥሮ ያልፈዋል። ነገር ግን ባለሦስት እግር ተሽከርካሪን ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዲወጣ ማዘጋጀት የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ዕውቀት፣ የራሱም ፖለቲካ አለው። ታሪኩ ከጣሊያን ተነስቶ በህንድ በኩል ቆሼ ይደርሳል። ዕውቀቱ በጋራዥ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ፖለቲካው ደግሞ ቀላል ነው፦ የከተማዋ ቦይ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ዛሬ እየሠራ ያለው የሹፌሩ ፌስታልና ግራሶ ነው። ያ ደግሞ የሚያዋጣው እስከ ተወሰነ ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው።

ተርብ፣ ንብ፣ ባጃጅ

ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ፖንቴዴራ ያለው ፋብሪካው በጦርነቱ በቦምብ ፈራረሰ። ከጦርነቱ በኋላም ጣሊያን ውስጥ አውሮፕላን የሚገዛ ጠፋ፤ ሕዝቡ የሚፈልገው ከቤት ወደ ሥራ የሚያደርሰው ርካሽ ነገር ነበር። በሄሊኮፕተር ሥራው የሚታወቀው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የነደፈው ትንሽ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1946 ወጣ። ስሙ ቬስፓ ተባለ፤ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ኩባንያው የተርቡን ፊት ከሁለት የኋላ ጎማና ከዕቃ መጫኛ ጋር አጋብቶ ባለሦስት እግር አወጣ። ይህኛው አፔ ተባለ። ትርጉሙ ንብ ነው፤ ለሥራ የተፈጠረ ነውና።

ንቡ ወደ ህንድ ተሻገረ። ባጃጅ የቤተሰብ ስም ነው። የቤተሰቡ የንግድ ድርጅት መሥራች ጃምናላል ባጃጅ የማህተመ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅና የነጻነት ትግሉ ደጋፊ ነበር። በፑኔ ከተማ ያለው ባጃጅ አውቶ ከፒያጆ በተገኘ ፈቃድ ሞተር ሳይክልና ባለሦስት እግር ሲያመርት ቆየ። የፈቃዱ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያበቃም በራሱ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ ሞዴል ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በእኛ ከተሞች የሚርመሰመሰው የዚያ ሞዴል ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ መቀመጡን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ውሃው ሲገባ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ በስፋት መግባት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። እንደ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያሉ ከተሞች ቶሎ ለመዱት። ከጋሪ ይፈጥናል፣ ከታክሲ ይረክሳል፣ ሚኒባስ የማይገባበት ቅያስ ይገባል። ስሙም የኩባንያ ስም መሆኑ ቀርቶ የዕቃው ስም ሆነ። የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ እንደተባለው፣ ቲቪኤስ ኩባንያ ያመረተው ባለሦስት እግርም ባጃጅ ነው የሚባለው። አዲስ አበባ ግን መሃል ከተማዋን አልሰጠችውም። ባጃጅ የዳር ሰፈሮች ተሽከርካሪ ሆኖ ቀረ። አስፋልት ባለቀበት የሚጀምር፣ የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የድሃ ታክሲ ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ ቀልድ አላት። ባጃጁ ሲበላሽ የሚሄደው ወደ ጋራዥ ነው። የጋራዡ ቋንቋ ደግሞ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ግራሶ፣ ፍሬን፣ ቴስታታ፣ ቼርኬ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያኖች መኪናና ከጣሊያኖች ጋራዥ ጋር ገብተው፣ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር እዚሁ ቀርተዋል። ጣሊያን የፈጠረው ንብ በህንድ ዞሮ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ያገኘው መካኒክ አካላቱን በተወለደበት ቋንቋ የሚጠራ ነው። ያ መካኒክ ግን ንቡን ያልተፈጠረበትን ሥራ ሊያስተምረው ነው፦ ውሃ ውስጥ መሄድ።

ውሃ የሚገባባቸው በሮች

ባጃጅ የተሠራው ለከተማ ጥርጊያ መንገድ ነው። ርዝመቱ 2.6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.3 ሜትር ግድም ነው። የጎማው ቁመት ከ40 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የጎማው እምብርት፣ ኩሽኔታው ያለበት ቦታ፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የሆዱ ከፍታ ደግሞ ከ17 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ የጎልማሳ ሰው ቁርጭምጭሚት አለፍ ብሎ ያለ ቁመት ነው። አንድ ከባድ ዝናብ መንገድ ላይ የሚያስተኛው ውሃ ይህን በደቂቃዎች ያልፈዋል።

ውሃ ወደ ተሽከርካሪ የሚገባባቸውን በሮች የተማረም ያልተማረም መካኒክ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው የአየር በር ነው። ሞተር የሚተነፍሰው በፊልትሮው በኩል ነው። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃ ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ግድግዳ እንደገጠመ ነው፤ ቢየላው ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ውሃ ውስጥ ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ ይህን ያህል ውድ የለም። መፍትሔው አየር የሚሳብበትን አፍ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ቱቦ ተቀጥሎ ከወንበሩ ጀርባ በላይ፣ ቢቻል እስከ ጣሪያው ሥር ይወጣል። መጋጠሚያዎቹ በደንብ ካልታሰሩ ግን ቱቦው ምንም ቢረዝም ውሃው በመሃል ይገባል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ በር ነው። ካንዴላው፣ የካንዴላው ኮፍያ፣ ገመዱና ቦቢናው እርጥበት ካገኛቸው እሳቱ ካንዴላው ጋር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል። ሞተሩ ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ሞተራቸው በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሞዴሎች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ማራገቢያው ውሃ ካገኘ ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። እዚህ ላይ ነው ግራሶና ፌስታል የሚመጡት። የኮፍያው ውስጥ በግራሶ ይታሸጋል። ጥሩው ሙቀትና ኤሌክትሪክ የሚችለው የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ ከሌለ በተገኘው። ከላይ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ወይም ፌስታል ይጠቀለልበታል። ፌስታሉ ሙቀት ስለማይችል ቴስታታውን መንካት የለበትም።

ሦስተኛው ማርሚታው ነው። ሞተሩ እየሠራ እስካለ ጭሱ ውሃውን እየገፋ ያስወጣዋል። ነዳጁ በተለቀቀ ቅጽበት ግን ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ልምድ ያለው ሹፌር ውሃ ውስጥ ነዳጁን የማይለቀው፣ ማርሽም የማይቀይረው ለዚህ ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የካምቢዮው መተንፈሻ ነው። ሲሄድ የዋለ ካምቢዮ ይግላል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ጥርሶቹ በዘይትና በውሃ ድብልቅ ሲታሹ ይሰነብታሉ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መተንፈሻው ላይ ቀጭን ቱቦ ቀጥሎ ወደ ላይ መስቀል።

ፍሬኑና ኩሽኔታው በር የላቸውም፤ ውሃው እንዲሁ ያገኛቸዋል። ውሃ የጠጣ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ ከውሃው እንደወጡ ፍሬኑን ቀስ እያሉ በመርገጥ ጥቂት ርቀት እየሄዱ ማድረቅ ግድ ነው። ኩሽኔታ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው። ግራሶው ይታጠባል፣ ዝገት ይገባል፣ ከሳምንታት በኋላ ጎማው ማጉረምረም ይጀምራል።

ሞተሩ ውሃው መሃል ከጠፋስ? ትልቁ ስህተት እዚያው ደጋግሞ ማስነሳት ነው። ባጃጁ ተገፍቶ ይወጣል። ካንዴላው ተፈትቶ ሞተሩ ያለ ካንዴላ ይዞራል፤ የገባ ውሃ ካለ በቀዳዳው ይተፋል። ዘይቱም ይታያል፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ሳይቀየር መነሳት የለበትም። ይህን የማያውቅ ሹፌር በአንድ የቁልፍ ዙር የወራት ገቢውን ሊሰብር ይችላል።

ሌላው ዓለም እንዴት ተሻገረ?

ይህ ዕውቀት ቆሼ ላይ አልተፈለሰፈም። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ጦር ፈረንሳይ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ሲያርፍ፣ ጂፑና የጭነት መኪናው ከጀልባ ወደ ባሕር ነበር የሚወርደው። ወታደሮቹ አስቀድመው የሠሩት ሥራ ከላይ ከተዘረዘረው አይለይም። የአየር መሳቢያውንና የጭስ መውጫውን ወደ ላይ ቀጠሉ፣ የኤሌክትሪኩን ክፍል ውሃ በማያሳልፍ ቅባት ደፈኑ፣ መተንፈሻዎችን ዘጉ። ልዩነቱ እነርሱ አንድ ጊዜ ሊሻገሩ ነበር የተዘጋጁት። የቆሼ ባጃጅ ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ይሻገራል።

ባለሦስት እግርን ሆን ብሎ ከመንገድ ውጪ የላከው ደግሞ የጃፓኑ ሆንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የፊኛ ጎማ ያለው ባለሦስት እግር ለገበያ አቀረበ። ጭቃ፣ አሸዋ፣ በረዶ፣ ረግረግ መጫወቻው ሆነ። ባለቤቶቹም ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለመንዳት አየር መሳቢያውን እያስረዘሙ፣ ካንዴላውን በቅባት እያሸጉ መወዳደር ያዙ። ለእነርሱ መዝናኛ ነበር። ያም ሆኖ መጨረሻው አላማረም። ሦስት እግር በቀላሉ ይገለበጣል፤ አደጋው በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በተደረገ ስምምነት ሽያጩን አቆሙ። መንግሥት ጣልቃ የገባው በቅዳሜና እሁድ ጨዋታ ላይ ነው። ቆሼ ላይ ውሃ መግባት ጨዋታ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። የከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ስለሆነ ከላይ የወረደው ሁሉ ቁልቁል ወደ ትንሹ አቃቂና ገባሮቹ ይሮጣል። ቁልቁለቱ ድሮም ነበር። የተለወጠው መሬቱ ነው። ሣርና እርሻ የነበረው ጣሪያና ሲሚንቶ ሲሆን፣ አፈር ይጠጣው የነበረው ውሃ መንገድ ላይ ቀረ።

ቆሼ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። ረጲ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የሆነው ከ50 ዓመት በላይ ነው። መጀመሪያ ከከተማ ውጪ ነበር፤ ከተማዋ እያደገች ሄዳ ከበበችው። ቆሻሻው ሥር የሚያሽግ ንጣፍ አልተደረገም፤ ዝናብ ያጠበው ፍሳሽ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ መጣያ ተከፈተ፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ሥራው ተቋርጦ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ።

ይህ ሁሉ ከባጃጁ ጋር ምን አገናኘው? መገናኛው ፌስታል ነው። ሳይነሳ የቀረ ቆሻሻ፣ በተለይ ፕላስቲክ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦይ ይገባል። ቦዩ ይደፈናል። የተደፈነ ቦይ ደግሞ ውሃውን የሚልከው ወደ መንገዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረና በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ፣ ጠንከር ያለ አዋጅ አጸደቀ። በሁለቱ አዋጆች መካከል 18 ክረምት አልፏል።

እንግዲህ ነገሩን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ካንዴላው ላይ የተጠቀለለው ፌስታል ባጃጁን ከውሃ ያድናል። ቦዩ ውስጥ የተወሸቀው ፌስታል ውሃውን ወደ ባጃጁ ያመጣል። መድኃኒቱም በሽታውም ከአንድ ሱቅ የወጡ ናቸው። ከባጃጁ ሥር የሚያልፈው ውሃም ዝናብ ብቻ አይደለም። የመጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ሹፌሩ የጠፋ ባጃጁን ሲገፋ በዚያ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ይቆማል። ለሞተሩ ግራሶ አለው፤ ለእግሩ ግን ምንም የለውም።

ውሃው ወዳለበት የተላከ ተሽከርካሪ

በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባጃጆች ሙሉ በሙሉ ሥራ እንዲያቆሙ አደረገ። በዚያ ሳምንት በዳር ሰፈሮች ሰው በእግሩ ሄደ፤ ነፍሰ ጡሮችና አዛውንቶችም ጭምር። ኋላ ባጃጆቹ ቢመለሱም ከዋና መንገድ ወጥተው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ እንዲሠሩ ተባለ።

አስተዳደሩ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ባጃጅ ከከባድ መኪና ጋር በአንድ ጎዳና ሲሽቀዳደም አደጋ ነው። ሥርዓት ማስያዝም ተገቢ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የተላኩበት መንገድ ምን ይመስላል? ዋና ጎዳናዎች ቦይ አላቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙዎቹ ሰፍተዋል፣ የውሃ መውረጃቸውም ታድሷል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ግን ቢበዛ ኮብልስቶን ነው፤ ካልሆነም ድንጋይና ጭቃ። ቦዩ ካለ ጠባብ ነው፤ ከሌለ መንገዱ ራሱ ቦይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከተማዋ ዝቅተኛ ሆድ፣ ትንሽ ጎማና ከኋላ የተቀመጠ ሞተር ያለውን ተሽከርካሪ መርጣ የላከችው ውሃ ወደሚተኛበት መንገድ ነው። መሬት የለቀቀው፣ ጉልበት ያለው መኪና በአስፋልቱ ይሄዳል፤ ባጃጁ በጎርፉ። ከፍታውም አያግዘውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ካርቡሬተር ያለው ሞተር በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ሹፌሩ ነው። ቱቦውን በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ኩሽኔታውን በየክረምቱ ይቀይራል። ብዙው ደግሞ ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ በቀን ገቢ ይነዳል፤ ዘነበ አልዘነበ ለባለቤቱ የሚያስገባው አይቀርም። ስለዚህ ውሃው ዳር ቆሞ «ይቅርብኝ» ለማለት አቅም የለውም።

ከካንዴላው በላይ ያለው ውሃ

ትልቁ አደጋ ግን ሞተሩ መጥፋቱ አይደለም፤ ጨርሶ አለመጥፋቱ ነው። በደንብ የታሸገ ባጃጅ ሹፌሩን መግባት ወደሌለበት ጥልቀት ይወስደዋል። አየር መሳቢያው ጣሪያ ላይ ቢወጣም ባጃጁ አልከበደም፣ አልረዘመም።

ሂሳቡ ይህ ነው። ባዶ ባጃጅ 350 ኪሎ ግራም ቢደርስ ነው። ውሃ ላይ የሚያርፈው ሆዱ ሦስት ካሬ ሜትር ይጠጋል። ውሃው ሆዱን አልፎ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር በወጣ ቁጥር፣ ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ እስከ 300 ኪሎ ግራም ወደ ላይ ሊያነሳ ይችላል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ውሃ ይገባዋልና እንደ ጀልባ አይንሳፈፍም። ነገር ግን ጎማው መሬቱን የሚረግጥበት ክብደት ይቀንሳል። ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ እርሱ መርገጥ ካቆመ መሪ የለም። የሚሮጥ ውሃ ደግሞ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ሕዝቡን የሚያስጠነቅቀው በእነዚህ ልኮች ነው፦ የሚሮጥ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር አብዛኞቹን ትንንሽ አውቶሞቢሎች ይወስዳል። ባጃጅ ከትንሽ አውቶሞቢል በእጅጉ ይቀላል።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ወስዳዋለች። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሞላ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ያን ሌሊት ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበው ውሃ በአንድ ጊዜ ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ በአንድ ቀን ጎርፍ ሰባት ሰዎችን አጣች። ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነው፦ ውሃው ዘነበ ብሎ ያስጠነቀቀው ቦታና የሚገድልበት ቦታ ይለያያሉ። ቆሼ ላይ ጠብታ ሳይኖር ወጨጫ ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ግራሶ የለውም።

ከአሁን ወዲያስ?

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግሮችም በየከተማው ብቅ እያሉ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፊልትሮ፣ ካንዴላም ሆነ ማርሚታ የለውም። ከሦስቱ ትልልቅ በሮች ተገላገለ ማለት ነው። ሆኖም አዲስ በር ተከፈተ፤ ባትሪው፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው። ገዢ የሆነ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፦ አይፒ 67። ይህ ዓለም አቀፍ መለኪያ ዕቃው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ ውሃ ሊጎዳው በሚችል መጠን አይገባበትም ማለት ነው። ቁጥሩ ለባትሪው ብቻ ተጽፎ ለመጋጠሚያዎቹና ለመቆጣጠሪያው ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። ያም ቢሆን በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባጃጅም በውሃ ይወሰዳል። የባትሪው መታሸግ የሹፌሩን ልብ ይበልጥ ሊያደፍረው ይችላልና።

መደረግ ያለበት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቦይ የሚጠረገው ሰኔ ሲገባ ሳይሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ የወጣው ደለልና ፌስታልም እዚያው ቦዩ ዳር ተከምሮ የመጀመሪያውን ዝናብ መጠበቅ የለበትም። ውሃ የሚተኛባቸው ማቋረጫዎች ይታወቃሉ። የየሰፈሩ ሹፌሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። እዚያ ቦታ ላይ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ቀለም የተቀባ ምሰሶ ቢተከል፣ ሹፌሩ ሳይገባ ልኩን ያያል። ማኅበራቱ ቀይ ቀለም ካለፈ ማንም አይገባም፣ ያን ሰዓትም የባለቤት ገቢ አይጠየቅም ብለው ቢስማሙ፣ ከየትኛውም ቱቦ የበለጠ ሰው ያድናል። ባጃጆች በውስጥ መንገድ ብቻ ይሥሩ ያለ አካል ደግሞ ያንን የውስጥ መንገድ ቦይ የማበጀት ዕዳ አብሮ ወስዷል።

ሹፌሩና መካኒኩ የድርሻቸውን ሠርተዋል። ከጣሊያን በተወረሰ ቃል፣ ከህንድ በመጣ ሞተር፣ ከሰፈር ሱቅ በተገኘ ፌስታል ተሽከርካሪውን ያልተፈጠረለትን አስተምረውታል። አሁን ተራው የቦዩ ነው።